ጋቢው ስር ያለው ዋጋ

1.

«ጭጋጉንስ ስንት ትይዋለሽ?»

ሞሚና ዕድሜዋን ሙሉ ቤት ስታሻሽጥ ጭጋግ የሚገዛ ሰው ገጥሟት አያውቅም። የሚሸሽ እንጂ።

ግን ከዚህ መጀመር አይቻልም። ጠያቂዋ ሴት ገና ደጅ ናት፤ በሩ አልተከፈተላትም።

2. በሩ

በሩ አረንጓዴ ነው። ያለው ደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ወደ ላይ በሚወጣው፣ ትንፋሽ በሚያሳጥረው አቀበት መሃል ላይ ነው።

የቤቱ ባለቤቶች እብሬና ሚስቱ ሞሚና ናቸው። ሁለቱም የቤት ደላላ። እሱ ያወራል፣ እሷ የገዢውን ዓይን ታያለች። ከእነሱ ዝቅ ብሎ የሚኖር አንድ መምህር ቤቱን እንዲሸጡለት ሰጣቸው። እብሬ የመምህሩን በር አየና «ይሄ ዝገት ገዢ ያባርራል» ብሎ፣ በራሱ ወጪ ቀለም ገዝቶ አረንጓዴ ቀባው። ቀለሙ ተረፈ። የተረፈ ነገር መጣል ደግሞ የእብሬ አንጀት አይችልም። የራሱንም በር ቀባ።

እንዲህ ሆኖ አቀበቱ ላይ ሁለት አረንጓዴ በሮች ሆኑ። አንዱ የሚሸጥ፣ አንዱ የማይሸጥ።

ሉባባ የምትባል የባቲ ሽርጥ ነጋዴ ቤት ፈልጋ ስትደውልለት «ሐሙስ ነይ፤ አረንጓዴው በር ነው፤ መሳሳት አትችይም» አላት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ እንዳለ፣ እብሬ

ሞተ።

3. የጣት ቋንቋ

እብሬ ያደገው ባቲ፣ ግመል ገበያው ዳር ነው። እዚያ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ሻጭና ገዢ እጃቸውን ጨርቅ ስር አስገብተው በጣት ይነጋገራሉ፤ ዙሪያውን የቆመ ሰው የሚያየው ጨርቁ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። አንድ ጣት ከያዝክ አንድ፣ ሁለት ከያዝክ ሁለት። እስከ አንጓው ብቻ ከያዝክ ግማሽ። ጥፍርህን ከጫንክ ደግሞ «ኧረ አልስማማም!» ማለት ነው።

ይህን ቋንቋ ደሴ ይዞት መጣና ለሚስቱ አስተማራት። ከዚያ ወዲያ ገዢ ቤት ሊያይ ሲመጣ ባልና ሚስት አንድ ጋቢ ተጋርተው፣ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። ሰው ብርዱ ይመስለዋል። ጋቢው ስር ግን ውርርድ አለ። ለዚህ በረንዳ ሰውየው ስንት ይጨምራል? እብሬ ግማሽ ጣት ይይዛል፣ ሞሚና አንድ ሙሉ። ሰውየው የመጨረሻ ዋጋውን ሲናገር የተሸነፈው ሳንቡሳ ይገዛል።*

ወፍጮ ቤት አጠገብ የኖረ ሰው ለጸጥታ ሁለት ጣት ጨመረ። ከአማቷ ጋር የኖረች ሴት የራሱ መግቢያ ላለው ማድ ቤት አንድ ጣት ተኩል። ጡረታ የወጣ ሹፌር ለሰፊው ግቢ ምንም አልሰጠም፤ አስፋልቱን የምታሳይ አንዲት ጠባብ መስኮት ጋ ሲደርስ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። አንድ ጣት።

«ሰው መች ቤት ይገዛል» ይል ነበር እብሬ ሳንቡሳውን እየገመጠ፤ «ያጣውን ነገር ነው የሚገዛው። ግድግዳውን ምርቃት አድርገሽ ትሰጪዋለሽ።»

እንዲህ የሚራቀቀው ሰውዬ ብዙ ጊዜ ሳንቡሳ ገዢው እሱ ነበር።

_* አንድ ጣት ስንት ብር እንደሆነ እዚህ አይጻፍም። ተጽፎ እስኪነበብ ይለወጣል።_

4. ለቅሶ ቤት ለሚገባ ሰው

ጫማዎን ከሌላው ጫማ ራቅ አድርገው ያውልቁ። ኋላ ይፈልጉታል።

ማን እንደሞተ ካላወቁ አይጠይቁ። ከሚያለቅሱት አፍ ቀስ በቀስ ይሰማል።

ፍራሹ የሞላ ቢመስልም ቦታ ይገኛል። ይቀመጡ።

ሌላው ሲያለቅስ ያልቅሱ። የራስዎ ሰው ትዝ ይልዎታል። ችግር የለውም፤ ይሄ እንባ ለማን ነው ብሎ የሚመረምር የለም።

ምግብ ሲቀርብ አንዴ እምቢ ይበሉ። ሁለተኛ ግን እምቢ አይበሉ።

«ለምን መጣሽ?» የሚል ሰው የለም።

የለም።

5. ሐሙስ

ሉባባ አቀበቱን ስትወጣ መጀመሪያ ያለፈችው በመምህሩ በር ነው፤ ነገር ግን ፊቱ በቆመ የጭነት መኪና ተሸፍኖ አላየችውም። ወደ ላይ ስታይ ሌላ አረንጓዴ በር አለ። ገርበብ ብሏል። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል።

«ያ አላህ፣ የሚሸጠው ቤት ሀዘን ገብቶበታል» አለች በሆዷ። ሀዘን ላይ ላለ ሰው «ቤቱን ላየው ነው የመጣሁት» እንዴት ይባላል? ተመልሶ መውጣትም ነውር ነው፤ ታይታለች። ትንሽ ቁጭ ብዬ ልውጣ አለችና ሴቶቹ መሃል ገባች።

የለቅሶው አዛዥ እትዬ ማንጠግቦሽ ነበሩ። ቤታቸው ከሞሚና አጥር ማዶ ነው፤ አጥሩ እሳቸውን አንድም ቀን ከልክሏቸው አያውቅም።

«ከየት ነሽ እቴ?»

«ከባቲ።»

«ወይኔ! የእብሬ አገር! ሞሚና! የባልሽ ወገን ከባቲ ድረስ መጥታለች!»

ሞሚና ከተቀመጠችበት ተነስታ እንግዳዪቱ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሉባባ እብሬ የሚባል ሰው አታውቅም። ስልኳ ውስጥ የተመዘገበው «ደላላ ደሴ» ነው። ግን ትከሻዋ ላይ ሰው ያለቅሳል። ባለፈው ዓመት የቀበረቻት እህቷ ትዝ አለቻት። እሷም ተንሰቀሰቀች፤ እንዲያውም ከሁሉም ይልቅ የተንሰቀሰቀችው እሷ ናት ተብሎ ማምሻውን ተወራ።

«እንዴት ብትወደው ነው!» አለች አንዷ።

መሽቶ ልሂድ ስትል እትዬ ማንጠግቦሽ ተቆጡ። የሩቅ ሀዘንተኛ ሆቴል ያድራል እንዴ? ፍራሽ ተነጠፈላት። ጭጋጉ በመስኮቱ ሲገባ ባቲ ሙቀት ውስጥ ዓመት ሙሉ በቅጡ ተኝታ የማታውቀው ሉባባ እንደ ሕፃን ተኛች።

6. ስልኩ

ዓርብ ከሰዓት። ሉባባ ሻርፗን ተከናንባ፣ ጎንበስ ብላ፣ ያንን ደላላ ልትወቅሰው ደወለች። ከጓዳው በር ጀርባ በተሰቀለው የእብሬ ኮት ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ። ሞሚና ተነስታ ገባች።

ሞሚና፦ ሄሎ።

ሉባባ፦ (በሹክሹክታ) ሄሎ፣ ደላላው የለም?

ሞሚና፦ ማን ልበል?

ሉባባ፦ ቤት ልታይ የነበረችው የባቲዋ ነኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው እሱ? ለቅሶ ቤት ልኮኝ ይሄው ሁለት ቀኔ፣ እያለቀስኩ ነው! ልወጣ ስል ምግብ፣ ልወጣ ስል ምግብ!

ሞሚና፦ …

ሉባባ፦ ሄሎ?

እትዬ ማንጠግቦሽ፦ (ከሉባባ ጎን) እቴ፣ ማንን ነው የምታሚው?

ሞሚና፦ አሁን የት ነው ያለሽው?

ሉባባ፦ ፍራሽ ላይ። አንዲት ሴትዮ ጎኔን ተጭነውኝ መላወሻ አጣሁ።

ሞሚና፦ (ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ከጓዳ ወጥታ) እኔ በሩ ላይ ነኝ።

ሉባባ ቀና አለች።

7.

ሳቁ እዚህ ጋ ነበር።

ለቅሶ ቤት ውስጥ የተሳቀ ሳቅ እንዴት እንደሚጻፍ ይህን የሚጽፍ ሰው በራሱ ሞክሮ ነው የተማረው፤ እንደ ለቅሶው ሁሉ። መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው የእትዬ ማንጠግቦሽ ትከሻ ነው። ሰው ለቅሶ መስሎት «አይዞዎት» አላቸው። ከዚያ ሞሚና ስልኩን እንደያዘች ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች፤ አፏን በሻሿ አፍና። ከዚያ ሁሉም። ድንኳን ውስጥ ያሉት ወንዶች ምን መጣ ብለው ተነሱ።

ሳቁ ሲያልቅ ሉባባ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«ደላላው ነው እንዴ የሞተው?»

«እሱ ነው።»

«መሳሳት አትችይም አለኝ እኮ» አለች። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእብሬ አለቀሰች።

8. የማይጠራ ዋጋ

የሞሚና ልጅ ሰዓዳ ከኮምቦልቻ ከመጣች ወዲህ ማድ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ስትልጥ ነው ውሎዋ። ዓርብ ማታ እጇን እየጠረገች ወጥታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«እማ፣ የሐዘን ጊዜሽን፣ ዒዳሽን፣ ስትጨርሺ እኛ ጋ ነው የምትመጪው። ተስማምተናል አይደል?»

«ተስማምተናል ልጄ።»

ሞሚና እንዲያው ለማለት ያህል አላለችም። ወስናለች። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ «ለዚህ ድምፅ ስንት ይጨምራሉ?» የሚል ሐሳብ ይመጣባትና እጇ ሳታስበው ወደ ጎን ይሄዳል። የሚይዝ ጣት የለም። እዚህ ቤት ውስጥ እጇ ስንት ጊዜ ባዶ ይመለሳል? እዚህ አልኖርም አለች። ይሸጥ።

ለመምህሩ ቤት የመጣችው ገዢም እዚሁ ፍራሽ ላይ ተኝታለች። ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ ሉባባ እሁድ መመለስ አለባት። የቀረው ዋጋ መጥራት ብቻ ነው። የሰውን ሁሉ ቤት የገመተችው ሞሚና ሐሳቧን ሰበሰበችና ጀመረች።

በረንዳው፦ ግማሽ ጣት። (ከዝናብ ሲገባ ጫማውን ሦስት ጊዜ ነበር የሚያራግፈው። አንድ ጣት። አይ፣ ለገዢዋ ምኗ ነው? ግማሽ።)

ታንከሩ፦ አንድ ጣት። (ውሃ ሲመጣ «መጣች! መጣች!» እያለ ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው ማን ነበር? እሱን ቀንሺ። ወይስ ጨምሪ?)

የኮክ ዛፉ፦

ሞሚና መቁጠሩን ተወችው።

9. ቅዳሜ

ባሏ የሞተባት ሴት ገዢ ይዛ አቀበት ለአቀበት አትዞርም። ስለዚህ የመምህሩን ቤት ለሉባባ ያሳዩት እትዬ ማንጠግቦሽ ናቸው። እንዲህ አመሰገኑት፦ «አየሽ ሸጋነቱን! ይሄን ነው የምትገዢው። የሞሚናን ቤት የሠራው ግንበኛ ነው የሠራው። ክፍሉ እኩል፣ በረንዳው እኩል፣ በሩ እንኳ ያው አንድ ቀለም። የሞሚናን ቤት ተይው፤ እሷ አትሄድም።»

እትዬ ማንጠግቦሽ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ሞሚና እንዳትሄድ።

ሉባባ ባዶውን ቤት ዞር ዞር ብላ አየች። መስኮቱን ከፈተች፣ ዘጋች። ተመልሰው ሲመጡ እዚያው ሞሚና ፊት እንዲህ ተባባሉ፦

ሉባባ፦ ቤቱ ጥሩ ነው። ግን እኔ የምፈልገው ይሄኛውን ነው። የተኛሁበትን።

እትዬ ማንጠግቦሽ፦ ኧረ እቴ! ክረምት ሲገባ ጭጋጉ ጓዳ ድረስ ነው የሚዘልቅ። የታጠበ ልብስ ሳምንት አይደርቅም።

ሉባባ፦ ባቲ ሳይታጠብ ይደርቃል። ጭጋጉንስ ስንት ትይዋለሽ፣ ሞሚና?

ሞሚና፦ ጭጋጉን?

እትዬ ማንጠግቦሽ፦ አቀበቱስ! ጉልበትሽ እዚሁ ይቀራል።

ሉባባ፦ አበዳሪም ተበዳሪም ቶሎ ቶሎ አይመጣብኛ።

እትዬ ማንጠግቦሽ፦ ጎረቤትም ጥሩ አይደለም።

ሞሚና፦ የትኛው ጎረቤት?

እትዬ ማንጠግቦሽ፦ እኔ ነኛ! እኔ! ዶሮዬ አጥር ትዘላለች። ሳልጠራ እገባለሁ። ወጥሽ ጨው ቢያንሰው አጥር ላይ ሆኜ ከሽታው አውቄ እናገራለሁ።

ሉባባ፦ በየቀኑ?

እትዬ ማንጠግቦሽ፦ በየቀኑ! እሁድም!

ሉባባ፦ (ወደ ሞሚና ዞራ) እሳቸውንስ ስንት ትያቸዋለሽ?

እትዬ ማንጠግቦሽ ተናደው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ብዙም ሳይቆዩ ትኩስ ድንች ይዘው ተመለሱ፤ ሉባባ ከመሄዷ በፊት ትቅመስ ብለው።

10. እብሬ የገመተው

ይህ ቁራጭ የቆየ ነው። ቦታው እዚህ መሆኑን እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ግን ሌላ ቦታ ሲቀመጥ ይወድቃል።

ገዢ ያልመጣበት አንድ ዝናባማ ከሰዓት ባልና ሚስት ጋቢያቸውን ተጋርተው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ኮኩ አብቧል። ሞሚና እንደ ቀልድ አነሳችው።

«እስቲ የኛን ቤት። ብንሸጠው ስንት?»

እብሬ ጋቢው ስር አንድ ጣቷን ያዘ። ጨመረ፣ ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት ሲሆን ሌላኛውን እጇን ፈለገ። እሱም ተያዘ። ሁለቱንም እጆቿን ጠቅልሎ ይዞ ዝናቡን ማየት ጀመረ።

«አስር ነው?» አለችው።

«ገና አልጨረስኩም።»

እንደያዛት እንቅልፍ ወሰደው።

ቤቱ ስላልተሸጠ ማን እንደተሸነፈ አልታወቀም። ሳንቡሳ ያልተገዛለት ውርርድ ይሄ ብቻ ነው።

11. ጋቢው ስር

እሁድ ጠዋት። የሉባባ ሻንጣ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሰዓዳ ከማድ ቤት ወጥታለች። እትዬ ማንጠግቦሽ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል፤ አይቆጥሩም፣ ይሰማሉ።

«በይ እንግዲህ» አለች ሞሚና፤ «በአላህ አንቺው ጥሪው። እኔ አልቻልኩም።»

ሉባባ ሳቀች።

«እኔ የባቲ ልጅ ነኝ እቴ። በአፌ ዋጋ አልጠራም። ጋቢ አምጪ።»

ሞሚና ቆመች። ይህን አልጠበቀችም። ቆይታ ጓዳ ገባችና የእብሬን ጋቢ ይዛ ወጣች። ከማክሰኞ ወዲህ አልተነካም። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ጋቢው ጉልበታቸው ላይ ተዘረጋ። ሞሚና እጇን አስገባች። እጇ ውስጥ የሰው እጅ ገባ። የነጋዴ እጅ ነው፤ ሞቃት፣ ጨርቅ ሲለካ የኖረ።

«የመምህሩ ቤት» አለች ሉባባ በአፏ። በእጇ ሦስት ጣት ያዘች።

ሞሚና አንገቷን ነቀነቀች። ልክ ነው። እሷም ሦስት ነበር የገመተችው።

«ይሄ ቤት፣ አንቺ ኮምቦልቻ ስትሄጂ።»

ሦስት ጣት።

ሞሚና ጥፍሯን ጫነች። አልስማማም! ኮኩስ? ታንከሩስ? ጭጋግ እገዛለሁ ስትል የነበረችው ማን ናት?

«ጭጋጉ እዚያም አለ» አለች ሉባባ፤ «አንድ አቀበት፣ አንድ ግንበኛ፣ አንድ ቀለም። ባዶ ከሆነ ያው ባዶ ቤት ነው። ቆይ፣ አልጨረስኩም። ይሄ ቤት፣ አንቺ ያለሽበት።»

አምስት። ሙሉ እጅ።

ደላላ ልማዱን አይተውም፤ ሞሚና ሳታስበው ሒሳቡን ሠራችው። ሁለት ቤት፣ በሁሉም ነገር እኩል፣ በአንድ ነገር የሚለያዩ። ልዩነቱ ሁለት ጣት። የዚያ ነገር ዋጋው እሱ ነው። ከእብሬ ጋር ስንት ጊዜ አብረው የሠሩት ሒሳብ ነው፤ ለመስኮት፣ ለጸጥታ፣ ለጓሮ በር።

«ሁለቱ ጣት ምንድን ነው?» አለች፣ እያወቀችው።

«አንቺ ነሻ። ሰኞ ሰኞ ባቲ እወርዳለሁ፣ ማክሰኞ እመለሳለሁ። የፊቱ ክፍል ለእኔ፣ የጓሮው ወገን ለአንቺ፤ እስካለሽ ድረስ የሚያስነሳሽ የለም። እህቴ በሕይወት ሳለች ከገበያ ስገባ ‹ዛሬስ ማንን አታለልሽ?› ትለኝ ነበር። አሁን ስገባ ዝም ነው። እኔ ሁለት ጣት ሙሉ ነው ያጣሁት።»



«እማ» አለች ሰዓዳ፣ «ኮምቦልቻስ?»

«ዝም በይ አንቺ ልጅ!» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። «ዋጋ ላይ ናት።»

ሞሚና ልጇን አየቻት። በረንዳውን አየች። ኮኩን አየች። ሉባባ ጣቶቿን ፈታ አድርጋ፣ እጇን ክፍት አድርጋ እየጠበቀች ነው፤ አሁን ተራው የሞሚና ነው። በባቲ ደንብ ሻጭ መልሱን በጣቱ እስኪሰጥ ድረስ ማንም ጋቢውን አይገልጥም።

ጋቢው ተንቀሳቀሰ። ሞሚና ሌላኛውን እጇንም አስገባች።

ሉባባ መጀመሪያ ቅንድቧን አነሳች። ቀጥሎ ዓይኗ ፈጠጠ። ቀጥሎ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች።

«ስንት አለች?» እትዬ ማንጠግቦሽ መቁጠሪያቸውን ጣሉት። «አንቺ ሉባባ፣ ስንት አለችሽ? ልትቀር ነው? ልትሄድ ነው? ኧረ ተናገሩ፣ ልቤ ቆመ!»

ሞሚና እጆቿን ሳታወጣ፣ ከዓርቡ ሳቅ ወዲህ በዚያ ፊት ላይ ባልታየ ፈገግታ፣ ዞር አለች።

«ገና አልጨረስኩም» አለች።

12.

ጋቢው አሁንም ይንቀሳቀሳል። እጅዎን ቀስ ብለው ያስገቡና ይቁጠሩ፦